የአጎቴ ስሎት ካር ዲናሞ፦ ይቀየር ወይስ ይጠቀለል?

ሱሉልታ_24 | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው።

አጎቴ በ1961 ዓ.ም. ትምህርታቸውን ጨርሰው ከአሜሪካ ሲመለሱ ሻንጣቸው ውስጥ አንዲት ስሎት ካር ነበረች። ለማያውቃት ሰው፦ ስሎት ካር በተሠራላት መንገድ ላይ የምትሮጥ ትንሽ መኪና ናት። ከሥሯ ያለው ምላስ መንገዱ ላይ በተቦረቦረ ቦይ ውስጥ ይገባል። ከቦዩ ግራና ቀኝ ሁለት የመዳብ መስመር አለ፤ መብራቱን የምታገኘው ከዚያ ነው። መሪ የላትም። ነጂው በእጁ በያዘው መቆጣጠሪያ ፍጥነቷን ይወስናል፣ በቃ። የኛዋ 1/24 የሚባለው መጠን ናት፤ ከእውነተኛ መኪና 24 ጊዜ ታንሳለች።

አጎቴ አሁን ሰማንያን አልፈዋል። እዚሁ ሱሉልታ ከኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ባለፈው ሳምንት የድሮ ሳጥን ስናገላብጥ መኪናዋ ወጣች። "ይቺ እኮ ትሮጥ ነበር" አሉኝ። ሌላ ነገር አልተናገሩም። ግን ከእጃቸው ቶሎ አላስቀመጧትም።

ሞተሯ የጃፓን ማቡቺ ናት፣ ኤፍቲ-16ዲ የምትባለው፣ በቆርቆሮ ቤት የታሸገችው። ከሞተር ሳይክል ባትሪ 12 ቮልት ስሰጣት ዝም አለች። በጣቴ ገፋ ሳደርጋት ተነሳች። ግን ትንቀጠቀጣለች። መብራቱን ወደሚዞረው ክፍል የሚያስገባው ካርቦን ጋ ብልጭታው ብዙ ነው። በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ጋለች። ደግሞ አንድ የምትቆምበት ቦታ አላት፤ እዚያ ላይ ከቆመች ካልተገፋች አትነሳም።

መርካቶ የሚሠራ ጓደኛዬ "ሌላ ዲናሞ እንግጠምላት" ይለኛል። እኔ ያቺው ራሷ እንድትዞር ነው የምፈልገው። አጎቴ ጆሮ ውስጥ ያለው ድምፅ የሷ ነው። ከየት ልጀምር?


ፈጣን_መላ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡02

ወንድሜ፣ ስሜትህ ይገባኛል። ግን በኔ በኩል ጓደኛህ ልክ ነው። ያንን የሚያህል ዲናሞ ከተበላሸ የልጆች መጫወቻ ታወጣለህ። ምናለሽ ተራ ብትወርድ ደግሞ በፌስታል ታገኛለህ። ሁለት ሽቦ በይደህ ታስነሳታለህ። አጎትህ መኪናዋ ስትሮጥ ማየት ነው የሚፈልጉት፤ ውስጧን ከፍተው አያዩም። በዚህ ዕድሜ ደግሞ ጊዜም ይታሰባል።


የቃሊቲው_ጠቅላይ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

እኔ ቃሊቲ ሞተር ጠቅላይ ነኝ፤ የተበላሸ ሞተር ሽቦ ፈትቼ እንደ አዲስ እጠመጥማለሁ። የውሃ ፓምፕ፣ የወፍጮ ሞተር፣ ቬንትሌተር እጠቀልላለሁ። ይቺን የምታህል ነክቼ አላውቅም። ሕጉ ግን ያው ነው፦ ሳትለካ እንዳትፈታ። የምትነግረን ምልክት የሞተ ሞተር ምልክት አይደለም። አንድ ጥቅል የተበጠሰበት ይመስለኛል።

እንዲህ አስበው። አርማቸሩ፣ ማለት የሚዞረው ክፍል፣ ሦስት ክንድ አለው። በየክንዱ አንድ ጥቅል ሽቦ አለ። የአንዱ ጥቅል መጨረሻ ከሚቀጥለው መጀመሪያ ጋር ኮሙቴተሩ ላይ፣ ማለት ካርቦኖቹ የሚያርፉበት የተከፋፈለ መዳብ ላይ፣ ይበየዳል። ስለዚህ ሦስቱ ጥቅሎች ተያይዘው ቀለበት ሆነዋል። ኮሙቴተሩም ሦስት ቁራጭ ነው። ቴስተርህን ሁለት ቁራጮች ላይ ስታሳርፍ በአንድ መንገድ አንድ ጥቅል፣ በሌላው መንገድ ሁለት ተከታታይ ጥቅል ትለካለህ።

ሁሉም ደህና ከሆኑ ሦስቱም የቁራጭ ጥንዶች እኩል ያነባሉ። ንባቡ የአንዱ ጥቅል ሁለት ሦስተኛ ይሆናል። አንዱ ከተበጠሰ ግን ሁለቱ ጥንዶች እኩል ያነባሉ፣ ሦስተኛው የነሱን እጥፍ ያነባል። የተበጠሰው እጥፍ ባነበቡት ሁለት ቁራጮች መካከል ያለው ነው።

ከዚያ አንዱን ጫፍ ኮሙቴተሩ ላይ፣ ሌላውን ዘንጉ ላይ አድርግ። ምንም ማንበብ የለበትም። ካነበበ ሽቦው ብረቱን ነክቷል።


ለገጣፎ_ካውያ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

ጋሼ ጠቅላይ የተናገሩት ትክክል ነው። እኔ ኤሌክትሮኒክስ እጠግናለሁ፣ ሁለት ነገር ልጨምር።

እንዲህ ያለች ሞተር ንባቧ አንድ ኦም አካባቢ ነው፤ ኦም ሽቦ መብራትን የሚቋቋምበት መለኪያ ነው። ርካሽ ቴስተር እዚያ ላይ ያሳስታል፤ የራሱ ገመድ ብቻ 0.2 ወይም 0.3 ያነባል። መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች እርስ በርስ አነካካና ያነበበውን ጻፈው። ከሁሉም ንባብ ላይ ቀንሰው።

ሁለተኛ፣ ስትከፍታት ቀስ በል። የኋላ ክዳኗን የያዙት ከቆርቆሮው የታጠፉ ጆሮዎች ናቸው። የስልሳ ዓመት ቆርቆሮ ሲታጠፍ ሲዘረጋ ይሰበራል። በስስ ቢላ አንድ ጊዜ ቀና አድርገው፣ ሥራው ሁሉ እስኪያልቅ አትመልሰው። ከመፍታትህ በፊት ፎቶ አንሳ። ማግኔቶቹ የትኛው በየት በኩል እንደነበረ በእስክርቢቶ ምልክት አድርግ። ካቀያየርካቸው መኪናዋ ወደ ኋላ ትሄዳለች።

አሴቶን ደግሞ እንዳታስጠጋ። ክዳኑ ፕላስቲክ ነው፣ ይቀልጣል። በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ እጠባት።


ሱሉልታ_24 | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

ለካሁ። የቴስተሩ ገመድ ብቻውን 0.3 አነበበ። ሦስቱ ጥንዶች 1.1፣ 1.1 እና 1.9 ሆኑ። 0.3 ሲቀነስ 0.8፣ 0.8 እና 1.6። ልክ እጥፉን! ዘንጉ ላይ ምንም አያነብም።

ጋሼ ጠቅላይ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሳያዩዋት ነው ያወቋት።


የሰበታ_ሽማግሌ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡05

ልጄ፣ ጽሑፍህን ሳነብ ልቤ ነው የተነካው። አጎትህ አሜሪካ በነበሩበት ዘመን ይህ ጨዋታ የልጅ ብቻ አልነበረም። እንግሊዝ ውስጥ ስካሌክስትሪክ የሚባለው የስሎት ካር ስብስብ በ1957 እ.ኤ.አ. ገበያ ወጣ። አሜሪካኖቹ ደግሞ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ አበዱበት። ስምንት መስመር ያለው ትልቅ መንገድ የተዘረጋበት አዳራሽ በየከተማው ነበር። ሰው በሰዓት እየከፈለ ይነዳል። ኮክስ፣ ሬቬልና ሞኖግራም የሚባሉት ኩባንያዎች መኪናውን ይሠሩ ነበር። ሞተሩ ግን በአብዛኛው የጃፓኑ ማቡቺ ነበር። ወጣቶች ይቺኑ ያንተን ሞተር ገዝተው እቤታቸው ይፈቷታል፤ በወፍራም ሽቦ፣ በጥቂት ዙር መልሰው ይጠቀልሏታል፤ እንድትፈጥን። ስለዚህ እሷን መጠቅለል ከዱሮ ጀምሮ የጨዋታው አካል ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ሌላ ሞተር ለሚነካ ሰው ጭምር። ያንተዋ ማግኔት ሴራሚክ ነው፤ አርማቸሩ ቢወጣም ግድ የለውም። አልኒኮ ማግኔት ያላቸው የድሮ ክፍት ሞተሮች ግን አሉ። የነዚያ አርማቸር ሲወጣ ማግኔቱ ወዲያው ይደክማል። አርማቸሩን ከመሳብህ በፊት የማግኔቱን ሁለት ጫፍ በብረት አገናኝ። እኛ ልጆች ሳለን ማግኔትን ካላሚታ ነበር የምንለው፣ ይህን ግን የነገረን አልነበረም። ስንቱን አበላሸን።

ማግኔቱ የደከመ ሞተር ደግሞ ሰውን ያታልላል። ባዶውን ስታዞረው እንዲያውም ከበፊቱ ይፈጥናል። መኪና ላይ ስትገጥመው ግን ጉልበት የለውም፣ አይነሳም፣ ይግላል። ጠረጴዛ ላይ በድምፁ ብቻ አትፍረድ።


ፈጣን_መላ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡20

ጋሼ፣ ይህን አላውቅም ነበር። አንድ ጥያቄ ልጠይቅ እስቲ። አንዱ ጥቅል ብቻ ከተበጠሰ ሦስቱንም ነው የሚጠቀልለው?


የቃሊቲው_ጠቅላይ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡45

ጥሩ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ የተበጠሰበትን ቦታ ይፈልግ። በማጉያ መነጽር ኮሙቴተሩ ሥር ያሉትን ብየዳዎች ይይ። አብዛኛውን ጊዜ ሽቦው የሚበጠሰው እዚያ ነው፤ የሚንቀጠቀጠውም የሚግለውም እዚያ ስለሆነ። የተበጠሰው የጥቅሉ መጨረሻ ጫፍ ከሆነ ከላይ ነው ያለው። ግማሽ ዙር ብቻ ፈትቶ፣ ሽቦውን የለበሰውን ቫርኒሽ ፍቆ፣ መልሶ ይበይደዋል። ሥራው አለቀ። የመጀመሪያው ጫፍ ከሆነ ግን ከሁሉም ሽቦ ሥር ነው። ያኔ ያ ክንድ ሙሉ ይፈታል።

ትልቅ ሞተር ላይ እኔ ሁሉንም ፈትቼ እንደ አዲስ ነው የምጠቀልለው። ደንበኛው ዋስትና ይፈልጋል። የዚች ግን ሦስቱ ጥቅሎች በየክንዳቸው ናቸው፣ አንዱ በአንዱ ላይ አይተኛም። አንዱን ብቻ መጠቅለል ይቻላል። የሽቦው ውፍረትና የዙሩ ብዛት ከሁለቱ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ካልሆነ ሚዛን ያጣል፣ ይንቀጠቀጣል።


ሱሉልታ_24 | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡00

የመጀመሪያው ጫፍ ነው። ከሥር። ብየዳው ሥር ጥቁር ሆኖ ተበጥሷል።

ስለዚህ አንዱን ክንድ ፈታሁ። እየቆጠርኩ፣ በየአሥሩ ወረቀት ላይ ጭረት እየሰመርኩ። 70 ዙር ሆነ። ማይክሮሜትር የለኝም። ሽቦውን እስክርቢቶ ላይ አጠጋግቼ 40 ጊዜ ጠመጠምኩት፣ በማስመሪያ 11 ሚሊሜትር ሆነ። አንዱ ከነቫርኒሹ 0.275 ነው ማለት ነው። መዳቡ ብቻውን 0.25 ግድም ይመጣል።

ሁለቱ ጥቅሎች ያኔ ጃፓን ውስጥ የተጠቀለሉት ናቸው። አልነካቸውም። ወስኛለሁ።


የሰበታ_ሽማግሌ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡25

ጎበዝ። አሜሪካኖቹ 30 ቁጥር የሚሉት ሽቦ ነው፣ 0.255። የፈታኸውን አሮጌ ሽቦ እንዳትጥለው። በትንሽ ፌስታል አድርገህ ከመኪናዋ ጋር አስቀምጥ። ከኋላህ የሚመጣ ሰው ምን እንደተነካ ማወቅ አለበት።


የቃሊቲው_ጠቅላይ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡50

0.25 ለቬንትሌተር የምንጠቀመው አለኝ። የምትፈልገው ከሦስት ሜትር አይበልጥም። ቃሊቲ ስትመጣ ውሰድ፣ ብር አልቀበልህም። ቫርኒሽም በትንሽ ጠርሙስ እሰጥሃለሁ፣ በአየር የሚደርቀውን።

ስትጠቀልል ሽቦው ጠበቅ ይበል፣ ግን አትሳበው፤ ቀጭን ነው። ክንዱ ላይ ያለው መከለያ ቀለም ከተላጠ መጀመሪያ ቫርኒሽ ቀባበት። ስትበይድ የቧንቧ ሠራተኛ የሚጠቀምበትን አሲድ እንዳትጠቀም። ሽቦውን ውስጥ ውስጡን ይበላዋል።


ለገጣፎ_ካውያ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡05

ካርቦኖቹስ? ርዝመታቸውን ጻፍልን እስቲ። ካለቁ ከግራይንደር ካርቦን ቆርጠህ እንዳትሠራ። እሱ ለ220 ቮልት የተሠራ ነው፣ በ12 ቮልት መብራቱን ያንቀዋል። ከመኪና የዝናብ መጥረጊያ ሞተር የሚወጣው ይሻላል። መዳብ የተቀላቀለበት ስለሆነ ቀላ ይላል፣ በዓይንህ ታውቀዋለህ። በብርጭቆ ወረቀት ሞርደህ ልክ ታስገባዋለህ።


ሱሉልታ_24 | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡12

እህቴ፣ ካርቦኖቹ ከግማሽ በላይ አላቸው። ሞላዎቹም ደህና ናቸው። የራሷን ነው የምመልሰው።


ሱሉልታ_24 | ዓርብ፣ ከምሽቱ 4፡30

ትናንት ቃሊቲ ሄጄ ሽቦውን ወሰድኩ። ጋሼ ሻይ ጋብዘውኝ ነው የሸኙኝ። ዛሬ ከሥራ መልስ 70 ዙር ጠቀለልኩ፣ በየድኩ። ኮሙቴተሩን በ1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ለስለስ አደረግኩ፣ በቁራጮቹ መካከል ያለውን ቆሻሻ በስንጥር አወጣሁ። ለካሁ። ሦስቱም ጥንድ 0.8፣ ገመዱ ሲቀነስ 0.5። እኩል! በደስታ ገጠምኳት።

አትዞርም። ታጉረመርማለች፣ ትግላለች። ባትሪውን ነቅዬ ዘንጉን በጣቴ ሳሽከረክረው እንኳን እንደ በፊቱ ሁለት ሦስቴ አይዞርም፣ የያዘው ነገር ያለ ይመስል ቶሎ ይቆማል። ምን በደልኳት? ሁሉም እኩል ያነባል እኮ።


የቃሊቲው_ጠቅላይ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 4፡55

አይዞህ። አዲሱን ጥቅል በተቃራኒ አቅጣጫ ጠቅልለኸዋል። ቴስተር ይህን አይነግርህም፤ ሽቦ ወደ ግራም ዞረ ወደ ቀኝ ኦሙ ያው ነው።

ቶሎ የሚቆመውም ለዚህ ነው። ዘንጉ ሲዞር ሦስቱ ጥቅሎች ራሳቸው መብራት ያመነጫሉ። በትክክል ከተጠቀለሉ የሦስቱ ድምር ዜሮ ነው፣ በቀለበቱ ውስጥ ምንም አይዞርም። አንዱ ከተገለበጠ ግን ድምሩ ዜሮ አይሆንም። መብራቱ እዚያው ውስጥ ለውስጥ ይዞራል፣ እንደ ፍሬን ይይዛል።


ለገጣፎ_ካውያ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 5፡10

በኮምፓስ አረጋግጥ። ስልክህ ላይ ያለውም ይሠራል። አርማቸሩን አውጣው። አንድ የባትሪ ድንጋይ ያዝ፣ 1.5 ቮልቱን። ፖዘቲቩን ቁራጭ አንድ ላይ፣ ኔጋቲቩን ሁለት ላይ አድርግ። በሁለቱ መካከል ያለውን ክንድ ወደ ኮምፓሱ አስጠጋ፣ የቀስቱ የትኛው ጫፍ እንደተሳበ ጻፍ። ከዚያ ፖዘቲቭ ሁለት፣ ኔጋቲቭ ሦስት። ከዚያ ፖዘቲቭ ሦስት፣ ኔጋቲቭ አንድ። ሦስቱም ክንድ ያንኑ የቀስት ጫፍ መሳብ አለባቸው። የተለየው እሱ ነው ጥፋተኛው። በየጊዜው ከሁለት ሰከንድ በላይ አታቆየው፣ ይግላል።

ደግሞ መልሰህ አትጠቅልል! የዚያን ጥቅል ሁለት ጫፎች ንቀልና አቀያይራቸው። ያው ነው።


ሱሉልታ_24 | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9፡40

ትናንት መብራት ስለሄደ ዛሬ ነው የሠራሁት። ኮምፓሱ ሁለቱን ክንዶች ሰሜን አለ፣ አዲሱን ደቡብ። ጫፎቹን አቀያየርኩ። አሁን ሦስቱም ሰሜን።

በቀጥታ ባትሪ አልሰጠኋትም። በመካከል የመኪና ፍሬቻ አምፖል አስገባሁ፣ 21 ዋት። ችግር ካለ አምፖሉ ይበራል፣ ሞተሯ ትተርፋለች ብዬ። አምፖሉ ብልጭ አለና ደበዘዘ። ሞተሯ ተነሳች። ሳልገፋት! አራት አምስት ጊዜ እያቆምኩ ሞከርኳት፣ በሁሉም ቦታ ትነሳለች።

እናቴ ከማድ ቤት "ምንድን ነው የሚጮኸው?" አለች።


የሰበታ_ሽማግሌ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10፡05

እሰይ! እልል በል! አሁን አትቸኩል። ቫርኒሹን ቀብተህ እስኪደርቅ ጠብቅ። ከዚያ በሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ በ3 ቮልት ብቻ፣ ግማሽ ሰዓት ባዶዋን ትዙር። ካርቦኑ የኮሙቴተሩን ቅርፅ ይይዛል፣ ብልጭታውም ይቀንሳል። ዘንጉን የያዙት ሁለቱ ቦኮላዎች ላይ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት በመርፌ ጫፍ አንዳንድ ጠብታ። ኮሙቴተሩ ላይ ዘይት እንዳይደርስ።


ቡራዩ_12ቮልት | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 11፡20

እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እኔ ቡራዩ ነኝ። በቺፑድ ሁለት መስመር ያለው መንገድ ሠርቻለሁ፣ ዙሩ ስድስት ሜትር ግድም ነው። ቦዩን እንጨት ቤት አስቦርቡሬ፣ የመዳብ መስመሩን ራሴ ነው የለጠፍኩት። የኔ መኪኖች ትናንሽ ናቸው፣ 1/32። ግን ቦዩን ስናስቦረቡር ለትልቋም ታስቦ ነው። ሞተሯ ከተሟሸች እሁድ አጎትህን ይዘህ ና። ቤታችን ደረጃ የለውም፣ እሳቸው አይቸገሩም።


የሰበታ_ሽማግሌ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 11፡45

ቡራዩ ልጄ፣ መቆጣጠሪያህ ሦስት ገመድ አለው? ሦስተኛው የፍሬን ነው። ነጂው ጣቱን ሲለቅ የሞተሩ ሁለት ጫፍ እርስ በርስ መገናኘት አለበት፤ ያኔ ሞተሩ ራሱን ይይዛል። ያለ እሱ 1/24 መኪና ኩርባው ላይ ትወጣለች። በዚያ ዘመን የነዳ ሰው እጁ ፍሬኑን ነው የሚያውቀው።


ቡራዩ_12ቮልት | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 12፡30

አልነበረውም ጋሼ። አሁን አስገባሁት። ለካ እስከዛሬ የኔዎቹ መኪኖች የሚወጡት ለዚህ ነበር!


ሱሉልታ_24 | እሁድ፣ ከምሽቱ 1፡50

ሄድን።

አጎቴ መጀመሪያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው መንገዱን አዩ። መቆጣጠሪያውን ስሰጣቸው መነጽራቸውን አወለቁ። ቀስ ብለው አንድ ዙር ወሰዷት። ሁለተኛው ዙር ላይ ቀጥታው መንገድ ጋ ለቀቋት፣ ድምፅዋ ከፍ አለ፤ ኩርባው ጋ ጣታቸውን አነሱ። ቀጥ አለች። ዞረው አዩኝ።

"ፍሬኗ ደህና ነው" አሉ።

አሥራ አንድ ዙር ነዱ። ቆጥሬያለሁ። ሞተሯን በጣቴ ነካኋት፣ ሞቅ ብላለች እንጂ አልጋለችም። አሥራ ሁለተኛው ላይ ከኋላ ጎማዎቿ አንዱ ተሰነጠቀ። የዱሮው ላስቲክ እንደ ድንጋይ ደርቆ ነበር።

ፈጣን_መላ፣ አንተም ብትኖር ደስ ይለኝ ነበር።


ፈጣን_መላ | እሁድ፣ ከምሽቱ 2፡10

እንኳን አልሰማኸኝ። ከልቤ ነው። እኔም ቤት የቆመ የአባቴ ቴፕ አለ፣ ዲናሞውን ልቀይረው ነበር። ነገ እለካዋለሁ።


የቃሊቲው_ጠቅላይ | እሁድ፣ ከምሽቱ 2፡25

የቴፑ ዲናሞ ፍጥነት የሚቆጣጠር ሰርኪዩት ውስጡ ሊኖረው ይችላል። እሱ ካለ ንባቡ ያሳስትሃል። ከመለካትህ በፊት ክፈትና ፎቶውን እዚህ ላክ።


ሱሉልታ_24 | እሁድ፣ ከምሽቱ 2፡40

የጎማውን ጉዳይ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። የጎማው ውስጥ ቀዳዳ 12 ሚሊሜትር፣ ወርዱ 18 ነው። ከስፖንጅ ቆርጬ ልለጥፍና ሞተሯ እየዞረች በብርጭቆ ወረቀት ላስተካክለው አስቤያለሁ። አጎቴ ለሚቀጥለው እሁድ ቀጠሮ ይዘዋል።